ስለት የመሰለው ዘርፍ፦ የአንድ የአደን ፍላጻ ጫፍ የጉዳይ ጥናት

በኖቬምበር የመጀመሪያ ሳምንት፣ ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆናት፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ባለ ጫካ፣ ከመሬት 6 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከዛፍ ግንድ ጋር በታሰረ ማማ ላይ ሆኜ፣ በ18 ሜትር ርቀት ጎኗን ሰጥታኝ ወደቆመች አንዲት እንስት አጋዘን ፍላጻ ለቀቅሁ። ፍላጻው ካነጣጠርሁበት ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ከትከሻዋ ኋላ ገባ። አጋዘኗ ተፈናጥራ ቁልቁል ሮጠች። በአዳኞች ሥልጠና እንደተማርነው 30 ደቂቃ ጠብቄ ከወረድሁ በኋላ፣ የተሰበረውን የፍላጻ ዘንግ ግማሽ ከቆመችበት ጥቂት አለፍ ብሎ ወድቆ አገኘሁት። በላዩ ላይ የነበረው ደም ፈካ ያለ ቀይ ሲሆን ጥቂት አረፋም ነበረበት፤ ይህ ሳንባ መመታቱን የሚናገር ምልክት ነው። መሬት ላይ ያለው ደም ግን ሳንባው የተወጋ እንስሳ ከሚያፈስሰው ጋር በፍጹም አይመጣጠንም ነበር። በደረቀው ቅጠል ላይ በየአምስት ስድስት እርምጃው አንድ ጠብታ፣ አልፎ አልፎም ቁጥቋጦ ላይ የተቀባ ጭረት እያየሁ 70 ሜትር ያህል ከተከተልሁ በኋላ ዱካው ጠፋ።

በዚህ ጊዜ መቀጠል ስሕተት ነው፤ የቆሰለ እንስሳ ካልተገፋ ቅርብ ቦታ ተኝቶ ይሞታል፣ ከተገፋ ግን ያለ የሌለ ኃይሉን አሟጥጦ ይርቃል። ስለዚህ የመጨረሻውን ጠብታ ያየሁበትን ቦታ በነጭ ወረቀት ምልክት አድርጌ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ከአራት ሰዓት በኋላ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሆነን ጫካውን በመስመር ከፋፍለን ስናስስ፣ ከተመታችበት 400 ሜትር ያህል ርቃ ከአንዲት ጅረት ዳር ወድቃ አገኘናት። ሞታ ነበር። ምን ያህል ጊዜ በሕይወት እንደቆየች ማወቅ አልተቻለም፤ ይሁን እንጂ ያን ያህል መንገድ የሄደችው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ እንዳልሆነ ግልጽ ነበር። በደንብ የተሳለ ጫፍ ሁለቱንም ሳንባ ሲያልፍ እንስሳው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሜትር በታች ሮጦ፣ ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። ሌላ እንስሳ ላይ ከመተኮሴ በፊት የዚህን ልዩነት ምክንያት መፈለግ ግዴታዬ ሆኖ ስለተሰማኝ ቀስቱን ሰቅዬ ምርመራ ጀመርሁ።

ከምርመራው በፊት አካባቢውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት የሰሜን ቨርጂኒያ ሰፈር ነጭ ጭራ አጋዘን የበዛበት ነው። አጋዘኖቹ መኪና ፊት ይገባሉ፣ ላይም የተባለውን በሽታ ወደ ሰው የምታስተላልፈውን መዥገር ይመግባሉ፣ የጫካውን ችግኝ ከሥሩ ግጠው ዛፍ እንዳይተካ ያደርጋሉ። ቤትና ትምህርት ቤት በተጠጋጋበት ሰፈር ጠመንጃ መተኮስ አደገኛ በመሆኑ ካውንቲው በፓርኮች ውስጥ የቀስት አደን መርሐ ግብር አለው፤ ለመሳተፍም ሥልጠና ወስዶ የዒላማ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። የቨርጂኒያ ሕግ ደግሞ አጋዘን የሚታደንበት የፍላጻ ጫፍ ቢያንስ 7/8 ኢንች፣ ማለትም 2.2 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ባለስለት ጫፍ እንዲሆን ያዛል። አዳኞች ይህን ጫፍ ብሮድሄድ ይሉታል። ሕጉ ስፋቱን ይለካል፤ የስለቱን ሁኔታ መጠበቅ የአዳኙ ፋንታ ነው።

ስለት ይህን ያህል የሚያሳስበው ፍላጻ ከጥይት ጋር የሚጋራው ነገር ጥቂት በመሆኑ ነው። የእኔ ባለ መዘውር ቀስት ሲሳብ 60 ፓውንድ፣ ማለትም 27 ኪሎ ያህል ጉልበት ይጠይቃል። ጫፉን ጨምሮ 450 ግሬን፣ ወደ 29 ግራም የሚመዝን ፍላጻ በሰከንድ 80 ሜትር ገደማ ሲጓዝ የሚሸከመው ኃይል ከ93 ጁል አይበልጥም፤ ይህ አንድ ተራ የሽጉጥ ጥይት ከሚሸከመው አንድ አምስተኛው ቢሆን ነው። ፍላጻ አጥንት አድቅቆ፣ ሥጋ አናውጦ አይገድልም። የሚገድለው የደም ሥር ቆርጦ ደም በማፍሰስ ብቻ ነው። የደም ሥር ደግሞ የሚለጠጥና የሚያንሸራትት ነገር በመሆኑ፣ ዱልዱም ብረት ሲመጣበት ወደ ጎን ይሸሻል፤ ካልሸሸም ይቀደዳል። ምላጭ የቆረጠው ጣት ደሙ አልቆም ብሎ ሲያስቸግር፣ ሽቦ የቀደደው ግን ቶሎ እንደሚደርቅ ማንም ያውቃል። ጠርዙ የተተለተለ ቁስል የተጎዳ ሥጋው ብዙ ስለሆነ ደም የሚያረጋውን ሂደት በብርቱ ያነሣሣል፤ ጥርት ብሎ የተቆረጠ የደም ሥር ለመዘጋት ጊዜ ይወስዳል። አጋዘኗን ያህል የሚያህል ነገር በ29 ግራም ዘንግ የሚወድቅበት ምሥጢር ይኸው ነው።

አጋዘኗን ገፍፈን ሥጋዋን ስንበልት ያየሁትን እዚያው በማስታወሻዬ ጽፌዋለሁ። ጫፉ በቀኝ በኩል የአንዱን ጎድን አጥንት ጠርዝ ጨርፎ ገብቷል፤ ከከፍታ ስለተተኮሰ ቁልቁል ወርዶ የቀኙን ሳንባ አልፏል፣ የግራውን ሳንባ የታችኛውን ጫፍ ብቻ ነክቶ በግራው ትከሻ ሥር ሥጋ ውስጥ ቆሟል። መውጫ ቀዳዳ አልነበረም። ከፍ ብሎ የገባ ቁስል መውጫ ሲያጣ ደሙ በደረት ውስጥ ይጠራቀማል እንጂ ወደ መሬት አይፈስስም፤ በደረቷ ውስጥም ብዙ የረጋ ደም ነበር። እንግዲህ የዱካው መሳሳት በከፊል የተኩሱ ማዕዘን ጣጣ ነው፤ ይህን ለብረቱ መስጠት ተገቢ አይሆንም። የሳንባው ቁስል ግን ሌላ ነገር ይናገር ነበር። መግቢያው ላይ ቆዳው በሁለት ጥርት ያሉ ከንፈሮች ከመከፈት ይልቅ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ ፀጉር ይዞ ገብቷል። ሳንባው ላይ ያለው መንገድ የተሸረከተ ነበር፤ ከመንገዱ ዳርም እርሳስ የሚያህል አንድ የደም ሥር ጎኑ ተልጦ፣ ሳይቆረጥ፣ እንዳለ ቆሞ አየሁት። ጫፉ በላዩ ላይ አልፏል፤ አልቆረጠውም።

ሥጋውን ይዤ ስመለስ ያነጋገርኋቸው አዛውንት አዲስ አበባ ውስጥ ለረጅም ዘመን ቁርጥ ቤት የሠሩ፣ አሁን በአሌክሳንድሪያ ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ ሰው ናቸው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ ጥይትም ስለ ፍላጻም አልነበረም። «ደሟ ፈሷል ወይ?» አሉኝ። ዋላና ሚዳቋ በኦሪት ዘዳግም ከሚበሉት ተቆጥረዋልና እንስሳው ራሱ አላሳሰባቸውም፤ ያሳሰባቸው ደሙ በውስጡ ረግቶ የሞተ እንስሳ ጉዳይ ነው። ያየሁትን ስነግራቸው ሥጋውን ለእኔ ተዉት፤ ጫፉን ግን «እስቲ አምጣው» አሉኝ። ጋሼ በዚያ ምሽት ያሉኝና ያሳዩኝ ከዚያ ቀደም ከተማርሁት ሁሉ ይበልጥ ወደ ፍሬ ነገሩ አደረሰኝ።

የመረመርናቸው ጫፎች ሦስት ናቸው። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ከአንድ መደብር የገዛኋቸው፣ አንድ ወጥ ብረት የሆኑ፣ ሁለት ስለት ያላቸውና እያንዳንዳቸው 125 ግሬን፣ ማለትም 8 ግራም ያህል የሚመዝኑ ናቸው። የመጀመሪያው ከአጋዘኗ የወጣው ነው። ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው ሁሉ ከአደኑ በፊት ቀስቱን ለማስተካከል በስፖንጅ ዒላማ ላይ ደጋግሜ የተኮስሁት፣ ነገር ግን እንስሳ ያልነካ ነው። ሦስተኛው ከተገዛ ጀምሮ ከማሸጊያው ያልወጣ ነበር። ይህ አጋጣሚ ጠቀመኝ፤ አንድ ጫፍ ብቻ ቢኖረኝ ኖሮ ያየሁትን ጉዳት ሁሉ ለጎድን አጥንቱ ሰጥቼ እተወው ነበር።

የመጀመሪያውን ጫፍ በአጉሊ መነጽር ሳየው ከሹሉ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ታጥፏል፤ ይህ የአጥንት ሥራ ነው። ነገር ግን ከሹሉ እስከ መቀመጫው ድረስ፣ ለስላሳ ሥጋ ብቻ በነካው ክፍል ሳይቀር፣ የሁለቱም ስለት ጠርዝ ወደ አንድ ወገን ተጠቅልሎ ነበር። ሁለተኛው ጫፍ አጥንት ሳያይ ያው ጥቅልል ነበረበት። ጋሼ መብራት ሥር ይዘው ስለቱን ወደ ዓይናቸው ቀጥ አድርገው አዘነበሉት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ክር የመሰለ ብርሃን ታየ። «ይኼ ነጭ መስመር ካየህ ስለት የለም» አሉ። ነገሩ እውነት ነው፤ የተሳለ ጠርዝ ብርሃን የሚመልስበት ገጽ የለውም፣ ስለዚህ ቀጥታ ሲታይ ይጠፋል፤ የሚያብለጨልጭ ጠርዝ ካለ ብርሃን የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ወይም ጥቅልል ቦታ አለ ማለት ነው። ቢላቸውን ሃምሳ ዓመት በዚህ ዓይነት ሲመረምሩ እንደኖሩ ነገሩኝ።

ሦስተኛው፣ ያልተነካው ጫፍ ግን ግራ አጋባኝ። በአውራ ጣቴ ስለቱን አቋርጬ ስነካው ያዝ ያዝ ያደርጋል፤ የክንዴንም ፀጉር በጥቂቱ ላጨ። ያን ማለዳ ዛፍ ላይ ከመውጣቴ በፊት የመጀመሪያውን ጫፍ የፈተንሁት በዚሁ ዘዴ ነበር፤ እንዲሁ ስለያዘኝም «ስለታም ነው» ብዬ ኮረጆ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ጋሼ ሦስተኛውን ጫፍ ተቀብለው ጣታቸውን ከጀርባው ወደ ስለቱ አቅጣጫ፣ ከጠርዙ እንደሚያመልጥ አድርገው፣ በአንዱ ገጽ ላይ አንሸራተቱት፤ ምንም አልነካቸውም። አገላብጠው በሌላው ገጽ ሲያደርጉት ቆም አሉ። ጣቴን ወስደው አስነኩኝ፦ በጣም ስስ፣ ሻካራ፣ እንደ ነጠላ ዘርፍ ከጠርዙ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ነበር።

የጉዳዩ ቁልፍ ይህ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት። ብረት በሞረድ ወይም በድንጋይ ሲሳል ሁለቱ ተዳፋቶች፣ ማለትም ወደ ጠርዙ የሚያዘቀዝቁት ሁለቱ ገጾች፣ እስኪገናኙ ድረስ ይፋጫል። ሲገናኙ ጠርዙ ላይ የቀረው ብረት ከመቆረጥ ይልቅ እየተገፋ ወደ ማዶ ይታጠፋል፤ ይህ ትርፍ ብረት ነው ዘርፉ። ዘርፉ መውጣቱ መልካም ምልክት ነው፤ ስለቱ እስከ ጫፍ ድረስ መሳሉን ያረጋግጣል። ነገር ግን ካልተወገደ ጣትን የሚይዘው፣ ፀጉርንም የሚላጨው እርሱ ራሱ ይሆናል። ስስ በመሆኑ ለአንድ ጊዜ ምላጭ ይመስላል፤ ወፍራም ቆዳና ፀጉር ሲነካ ወዲያው ይተኛል፣ ከተኛ በኋላም ከሥሩ ያለውን ጠርዝ ሸፍኖ ዱልዱም ያደርገዋል። ከፋብሪካ የወጣው ጫፌ በፈጣን ማሽን ተስሎ ዘርፉ ሳይነሣለት የታሸገ ነበር። በስፖንጅ ዒላማ ላይ የተኮስኋቸው ሁለቱ ደግሞ ዘርፋቸው በስፖንጁ ሰበቃ ተኝቷል፤ ሆኖም ሻካራነቱ እዚህም እዚያም ስለቀረ ጣቴን ማታለሉን አልተወም። ስለት ብዬ የተማመንሁበት ነገር የስለት ቆሻሻ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ብረት ከመምጣቱ በፊት የነበሩ አዳኞች ይህ ችግር አልነበረባቸውም። ከዝዋይ ሐይቅ በስተምዕራብ ገደሞታ በሚባለው ቦታ የተገኙ፣ ዕድሜያቸው ከ279,000 ዓመት በላይ የሆነ የባልጩት ሹሎች አሉ፤ በ2013 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች ከስብራታቸው ተነሥተው የሚወረወር ጦር ጫፍ እንደነበሩ ተከራክረዋል። ባልጩት ስለቱን የሚያገኘው በመሰንጠቅ ስለሆነ ዘርፍ አያወጣም፤ ሲሰነጠቅ ከማንኛውም የብረት ምላጭ የሚስስ ጠርዝ ይሰጣል፣ ጉድለቱ ቶሎ መሰበሩ ነው። ብረት የማይሰበርልን በመሆኑ ስለቱን በትዕግሥት እንድንፈልገው ያስገድደናል።

ሦስቱን ጫፎች መልሰን የሳልንበትን መንገድ በዝርዝር እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው ምሽት የሠራሁት ስሕተት ብዙ ሰው የሚሠራው ነውና። ጫፉን ከፍላጻው ዘንግ ጋር እንደተጠመደ ተውሁት፤ ዘንጉ ረጅም እጀታ ስለሚሆን እጅ ከስለቱ ይርቃል። የማልስለውን ስለት በወፍራም ፕላስተር ጠቀለልሁት፣ በግራ እጄም የቆዳ ጓንት አደረግሁ። ባለ ሁለት ስለት ጫፍ አንዱን ወገን ስትስል ሌላው ወደ መዳፍህ ያነጣጠረ ነው፤ ይህን የዘነጋ ሰው ጅማቱን ሊቆርጥ ይችላል።

ከዚያ የስለቱን ተዳፋት በጥቁር ማርከር ቀባሁት። ጫፉ በየወገኑ 25 ዲግሪ ገደማ ተዳፋት ነበረው። እኔ እጄን አምኜ በሞረዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ገፋሁትና ማርከሩን ሳየው የተነሣው ከተዳፋቱ ጀርባ፣ ከጠርዙ ራቅ ያለው ክፍል ብቻ ነበር። ይህ ማለት ሞረዱን አብዝቼ አስተኝቼዋለሁ፣ ጠርዙንም ከነጭራሹ አልነካሁትም ማለት ነው፤ ማርከሩ ባይኖር አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲሁ ብረት ስጨርስ በዋልሁ ነበር። ቀና ሳደርገው ደግሞ በተቃራኒው ጠርዙ ላይ ብቻ ጠባብ መስመር ተነሣ፤ ይህም ስለቱን ያወፍረዋል። ማርከሩ ከጀርባ እስከ ጠርዝ እኩል የሚነሣበትን ቦታ ካገኘሁ በኋላ ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ፣ ከወገቤ እየተወዛወዝሁ መግፋት ጀመርሁ። ክንድ ብቻውን ሲሄድ ማዕዘኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይለዋወጣል። ማዕዘን ጠባቂ መሣሪያ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ድካም ይቀንሳል፤ መሣሪያው የሚያስነውር ነገር የለውም፣ እንዲያውም ለጀማሪ የተሻለ ነው እላለሁ።

ሞረድ የሚቆርጠው ወደ ፊት ሲገፋ ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ እየጎተቱ መጫን ጥርሱን ይበላዋል። በጥርሱ መካከል የሚቀረውን የብረት ብናኝም በየጊዜው በሽቦ ብሩሽ ማራገፍ ያሻል፤ አለዚያ ብናኙ ራሱ ስለቱን ይጭረዋል። በአንዱ ወገን ላይ ከሹሉ እስከ መቀመጫው ያልተቋረጠ ዘርፍ እስኪሰማኝ ድረስ ገፋሁ፤ ከዚያ ወደ ሌላው ወገን ዞርሁ። አንድ ቦታ እንኳ ዘርፉ ከተቋረጠ በዚያ ቦታ ሁለቱ ተዳፋቶች ገና አልተገናኙም ማለት ነው። በሁለተኛው ጫፍ ላይ መካከሉ አካባቢ ዘርፍ አልወጣ ብሎ ብዙ አደከመኝ፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ከዒላማው ጀርባ ካለ ጠጠር ጋር የተጋጨ የሚመስል ትንሽ ጎድጓዳ ነበረበት። ያ ጎድጓዳ እስኪጠፋ ድረስ ስለቱን በሙሉ ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ። ጎድጓዳውን ብቻ ለይቶ መሳል ስለቱን ሞገድ ያደርገዋል፤ ክብደቱም ስለሚዛባ ፍላጻው ሲበር ሊወላገድ ይችላል።

ከሞረዱ በኋላ የአልማዝ ብናኝ የተለበጠበት ዝርግ መሳያ፣ መጀመሪያ 400 ቁጥር፣ ቀጥሎ 1,000 ቁጥር (ቁጥሩ ሲበዛ ብናኙ ይደቅቃል) ተጠቀምሁ። እዚህ ላይ ሥራው ይለወጣል፦ ቀደም ሲል ዘርፍ ማውጣት ነበር፣ አሁን ዘርፉን እያሳነሱ ማጥፋት ነው። በእያንዳንዱ ወገን አሥር ጊዜ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሁለት፣ በመጨረሻ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ፣ ጭነቱን እየቀነስሁ የፍላጻው ክብደት ብቻ እስኪቀር ድረስ አፋጨሁት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ የመጨረሻ ደረጃ መጫኑ ላይ ነው፤ መጫን አዲስ ዘርፍ ያወጣል። ጋሼ ሳይናገሩ እጄን ሁለት ጊዜ ከፍ አደረጉት። በመጨረሻ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ እንጨት ላይ ለጥፌ አረንጓዴ የመወልወያ ቅባት አሸሁበትና ስለቱን ወደ ኋላ ብቻ፣ ጀርባው እየመራ፣ በየወገኑ ሃያ ጊዜ ያህል ጎተትሁት። ቆዳ ላይ ወደ ፊት የሚገፋ ሰው ቆዳውንም ይቆርጣል፣ ስለቱንም ያጠጋጋል።

የተሳለውን የፈተንነው በጣት አልነበረም። ትንሽ የእንጨት ፍሬም ላይ ስድስት ላስቲኮች ሳላጠብቅ፣ በጥቂቱ ብቻ ወጥሬ አሰርሁ፤ የደም ሥር በሥጋ ውስጥ እንዲህ ነው የሚገኘው፣ ለስለስ ብሎ፣ ለመሸሽ ዝግጁ ሆኖ። ሦስተኛውን ጫፍ ገና ሳይሳል፣ ዘርፉ እያለበት፣ በእጄ ቀስ ብዬ ሳሳልፈው የመጀመሪያውን ላስቲክ ቆረጠ፣ ሁለተኛውን ከፊሉን፤ የቀሩት አራቱ ወደ ጎን እየተገፉ አሳለፉት። ይኸው ነው አጋዘኗ ውስጥ የሆነው፤ ቆዳው ላይ ስለቱ አለቀ፣ ሳንባው ዘንድ የደረሰው ጀርባው ነው። ዘርፉ ተወግዶለት በቀበቶው ቆዳ ላይ የተወለወለው ጫፍ ስድስቱንም ሲነካቸው ቆረጣቸው፤ እንደተቆረጡ የሚታወቀው በድምፃቸው ብቻ ነበር።

አንዳንድ የቀድሞ ዘመን አዳኞች በሞረድ ብቻ ስለው፣ ጥቃቅን ጥርሶቹን ትተው ማደንን ይመርጡ ነበር፤ የመጋዝ ጥርስ የመሰለው ጠርዝ የደም ሥርን አያሳልፍም ይላሉ። ክርክራቸውን አልንቀውም፤ በሞረድ ጥሩ የሠራ ሰው ዘርፉንም በሞረዱ ያነሣዋል፣ የሚቀረውም እውነተኛ ስለት ነው። ይሁን እንጂ የተለሰለሰው ጠርዝ ቁስሉን ጥርት አድርጎ ስለሚከፍትና ዘርፍ የሚደበቅበት ስለማይኖረው እርሱን መርጫለሁ። ሦስት ስለት ያለው ጫፍ የሚጠቀሙ ጓደኞቼ ማዕዘን የመፈለግ ጣጣ የለባቸውም፤ ሁለቱን ስለቶች በአንድ ጊዜ ዝርጉ መሳያ ላይ አስተኝቶ መግፋት ነው፣ ቅርጹ ራሱ በየወገኑ 30 ዲግሪ ይሰጣል። በድምሩ 60 ዲግሪ የሆነ ጠርዝ ግን በድምሩ 50 ዲግሪ የሆነውን የእኔን ጠርዝ ያህል አይቆርጥም። የሚተኩ ስስ ምላጮች ያሉት ጫፍ ከሆነ መሳሉን ትቶ ምላጩን መለወጥ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ሁለት ልማዶች ተለወጡ። የልምምድ ጫፍና የአደን ጫፍ ተለይተዋል፤ ክብደታቸው አንድ ነው፣ የልምምዱ በቀይ ቀለም ተቀብቷል፣ ስፖንጅ የነካ ጫፍም ሳይሳል ወደ ኮረጆው አይመለስም። ኮረጆዬም ጫፎቹ የሚሰኩበት ስፖንጅ ነበረው፤ በየመንገዱ መንቀጥቀጥ ስለቱን ሲያሸው እንደኖረ ስለገባኝ ሹሉን ብቻ የሚይዝ፣ ጎኑን የማይነካ ክዳን ያለው ተካሁ። ካርቦኑ የበዛ ብረት በአንድ ሌሊት ጤዛ ይዝጋል፤ ዝገትም መጀመሪያ የሚበላው በጣም ስስ የሆነውን ቦታ፣ ማለትም ጠርዙን ነው። ስለዚህ ቫዝሊን በስሱ እቀባዋለሁ፤ ከእያንዳንዱ ወጪ በፊትም መብራት ሥር ነጩን መስመር እፈልጋለሁ።

በጃንዋሪ መጨረሻ ከዚያው ጫካ፣ ከሌላ ማማ፣ በ16 ሜትር ርቀት ሌላ እንስት አጋዘን መታሁ። የተጠቀምሁት ሁለተኛው፣ ጎድጓዳ የነበረበት ጫፍ ነው። ፍላጻው ሁለቱን ሳንባ አልፎ፣ በሌላው ወገን ዝቅ ብሎ ወጥቶ መሬት ውስጥ ተተከለ። አጋዘኗ 50 ሜትር ያህል ሮጣ፣ ከዓይኔ ሳትሰወር ቆመች፣ ተንገዳገደችና ወደቀች። ደሙ ከተመታችበት ጀምሮ በሁለቱም ወገን ቅጠሉ ላይ ተረጭቶ ነበር። ሁለቱን አደኖች አነጻጽሬ ልዩነቱ ሁሉ የስለት ነው አልልም፤ ይኸኛው ተኩስ ማዕዘኑ የተሻለ ነበር፣ መውጫ ቀዳዳም ነበረው። ቆዳው ላይ ግን ያየሁት አያጠራጥርም፦ የመግቢያው ከንፈሮች በገዢ መስመር እንደተሰመሩ ቀጥ ያሉ ነበሩ፣ ፀጉሩም በጠርዙ ላይ እኩል ተቆርጦ ነበር፤ ከትልልቆቹ የሳንባ ደም ሥሮች መካከል በመንገዱ ላይ ተገፍቶ የተረፈ አላገኘሁም።

ማታ ጋሼ ደጅ ስደርስ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ አሁን መልስ ነበረኝ። ሥጋውን ተቀብለው ወደ ውስጥ ካስገቡ በኋላ ፍላጻውን እንዳሳያቸው ጠየቁ። ጫፉ የወጣው ጠጠር ከበዛበት መሬት ውስጥ ነው፤ መብራት ሥር ሲያዘነብሉት ከሹሉ አንሥቶ እስከ መካከሉ ነጩ መስመር ተመልሶ ነበር። ሞረዱን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ።